«ሌሊት ሌሊት ባቴ ይርገበገባል»

ጥያቄ፦ የ38 ዓመት ሴት ነኝ። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው የመገጣጠሚያ ብግነት ከያዘኝ 7 ዓመት አልፎኛል። በሳምንት አንድ ቀን ሜቶትሬክሴት፣ በየቀኑ ፕሬድኒሶሎን፣ ጨጓራዬን እንዳይጎዳኝ ደግሞ ኦሜፕራዞል እወስዳለሁ። ካለፉት 6 ሳምንታት ወዲህ የግራ ባቴ በራሱ ጊዜ ይርገበገባል። አንዳንድ ቀን የዓይኔ ሽፋን፣ አሁን አሁን ደግሞ የቀኝ አውራ ጣቴ ሥር ያለው ሥጋ ይርገበገባል። አያምም፤ ግን አያስተኛም። በማስታወሻ ደብተር እየቆጠርኩ እመዘግባለሁ፤ ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት 63 ደረሰ። አንድ የማውቀው ሰው «እንዲህ ጀምሮ እጅና እግር የሚያሰንፍ የነርቭ በሽታ አለ» ካለኝ በኋላ ደግሞ ጭራሽ እንቅልፍ አጣሁ። ለሐኪሜ ብነግረው «ጭንቀት ነው» ብሎ አለፈው። እውነት ጭንቀት ብቻ ነው? (እንቅልፍ ያጣሁት)

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ዓይኔ ቀድሞ ያረፈው 63 በሚለው ቁጥር ላይ ነው። እኔም ቆጥሬ አውቃለሁና። ፋርማሲስት ነኝ፤ መድኃኒት ሳድል 19 ዓመት ሆኖኛል፤ ከዚህ ውስጥ 11ዱን የኖርኩት አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ከሚባል የትልቁ አንጀት ብግነት ጋር ነው። አንድ ጊዜ ሕመሙ ተነሥቶብኝ ሳለ ባቴ መርገብገብ ጀመረ። ሌሊት መብራት አብርቼ፣ አንሶላውን ገልጬ አየው ነበር። ከቆዳዬ ሥር አንዲት ትንኝ ተይዛ ለመውጣት የምትታገል ይመስላል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ብድግ ብድግ ይልና ጸጥ ይላል፤ እፎይ ብዬ መብራቱን ሳጠፋ እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ «ምንም አይደለም» ብዬ አላልፍዎትም።

ፍርሃትዎን ላስቀድም። ከአከርካሪ የሚነሣ እያንዳንዱ የነርቭ ክር ከተወሰኑ የጡንቻ ክሮች ጋር የተያያዘ ነው። ያ ነርቭ ሳይታዘዝ መልእክት ሲለቅ እነዚያ ክሮች ብቻ ይኮማተራሉ፤ እግርን ለማንቀሳቀስ አይበቁም፣ ቆዳን ግን ያነሣሉ። ይህ ድካም፣ የእንቅልፍ እጦት፣ ብዙ ቡና ወይም ከባድ ሥራ በጤነኛ ሰው ላይም የሚያመጣው ነገር ነው። ሰውየው የነገሩዎት ሞተር ኒውሮን የሚባለውን በሽታ ይመስለኛል። እርሱ እምብዛም የማያጋጥም ሲሆን ዋና ምልክቱም መርገብገቡ ሳይሆን የጉልበት ማጣት ነው፤ ቁልፍ መቆለፍ ያቅታል፣ እግር ይጎተታል፣ ምላስ ይተሳሰራል። በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች ጡንቻቸው የሚርገበገብ፣ ድክመት ግን የሌላቸውን 121 ሰዎች ለዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1993 ውጤቱን አሳትመዋል። ከመካከላቸው አንድም ሰው ወደዚያ በሽታ አልሄደም። በእነዚያ ሌሊቶች ያሳረፈኝ ይህ ቁጥር ነበር፤ እርስዎንም ያሳርፍዎት።

አሁን ይነሡና ግድግዳ ይደገፉ። በግራ እግርዎ ብቻ ቆመው ተረከዝዎን 10 ጊዜ ያንሡ፤ ከዚያ በቀኙ ይድገሙት። ቀጥሎ በተረከዝዎ ብቻ ጥቂት እርምጃ ይራመዱ። ሁለቱ እግሮች እኩል ከሠሩ ባትዎ አልደከመም ማለት ነው። ቁርጭምጭሚትዎ ያበጠ ቀን ግን ይህን አይሞክሩት፤ ሕመም ሲያስቆምና ጉልበት ከድቶ ሲያስቆም የተለያዩ ናቸውና እንዳይምታታብዎት።

ወደ መድኃኒቶችዎ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ሐኪምዎ የቸኮሉ ይመስለኛል። ኦሜፕራዞልና ዘመዶቹ ለረጅም ጊዜ፣ በተለይ ከአንድ ዓመት በላይ ሲወሰዱ፣ አንጀት ማግኒዚየም የሚባለውን ማዕድን በደንብ እንዳይቀበል ሊያደርጉ ይችላሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ይህንኑ አስመልክቶ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ማግኒዚየም ሲያንስ ነርቭ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። ፕሬድኒሶሎን በበኩሉ መጠኑ ከፍ ሲል ፖታሲየም በሽንት እንዲወጣ ያደርጋል። ማግኒዚየም ጎድሎ ሳለ ደግሞ ፖታሲየምንም ካልሲየምንም መልሶ መሙላት አስቸጋሪ ነው። የእኔ ነገር ይኸው ነበር። ኦሜፕራዞል ከጀመርኩ 3 ዓመት አልፎኝ ነበር፤ በላዩ ተቅማጥ ተጨመረበት፤ ስመረመር ማግኒዚየሜ 0.5 ሆኖ ተገኘ። ጤናማው ከ0.7 እስከ 1 ሚሊሞል በሊትር አካባቢ ነው። በየቀኑ ለሰው የማድለውን መድኃኒት የራሴን ባት ሲነካ አለማየቴ እስከዛሬ ይቆጨኛል። ሐኪሜ የጨጓራውን መድኃኒት ለወጠልኝ፣ ማግኒዚየሙን ተካልኝ፤ መርገብገቡ በ3 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ተወኝ።

ስለዚህ የማግኒዚየም፣ የፖታሲየም፣ የካልሲየም፣ የኩላሊትና የታይሮይድ ምርመራ ይጠይቁ። የደም ማግኒዚየም ከተለመደው የምርመራ ዝርዝር ብዙ ጊዜ ስለሚቀር በስሙ ጠርተው ይጠይቁት። በሰውነታችን ካለው ማግኒዚየም ደም ውስጥ የሚገኘው 1 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነውና ውጤቱ ከዝቅተኛው ወሰን አጠገብ ከሆነም ለሐኪምዎ ጠቆም ያድርጉ። እንክብሉን ግን ሳይመረመሩ ገዝተው አይጀምሩ፤ ኩላሊት ከደከመ ማግኒዚየም በሰውነት ይከማቻል፤ ፖታሲየምማ ከዚያም የባሰ ነው፣ ልብን ይነካል።

አውራ ጣትዎን ለብቻው ያዝኩት፤ ከባትዎ ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። የእጅ አንጓዎ ብግነት ሲኖረው ያበጠው ሥጋ በአንጓው ጠባብ መተላለፊያ የሚያልፈውን ነርቭ ይጫናል፤ በአውራ ጣት ሥር ያለውን ሥጋ የሚያዝዘው ደግሞ ይኸው ነርቭ ነው። ሌሊት አውራ ጣትዎ፣ ሌባ ጣትዎና የመሐል ጣትዎ ይደነዝዛሉ? እጅዎን ሲያራግፉት ይሻልዎታል? በአውራ ጣትዎ ሥር ያለው ሥጋ ከግራው ይልቅ ሳሳ ወይም ጎድጎድ ብሏል? ሁለቱን መዳፎችዎን መብራት ሥር አጠገብ ለአጠገብ አድርገው ይመልከቱ። ከሦስቱ አንዱ ካለ ለሐኪምዎ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይንገሩ፤ ነርቩ ብዙ ሳይጫን ከተደረሰለት ይድናል።

ጭንቀት የተባለውም ፈጽሞ ስሕተት አይደለም፤ ጭንቀት ነርቭን ያስቆጣል፣ እንቅልፍን ይነሣል፣ እንቅልፍ ማጣት መልሶ መርገብገቡን ያባብሳል። ቅር ያለኝ የመጀመሪያው መልስ መሆኑ ነው። ደሙ ተመርምሮ፣ አንጓው ታይቶ፣ ጉልበቱ ተፈትሾ ሁሉም ደህና ሲሆን ቢባል ኖሮ እርስዎም አምነው በተቀበሉት ነበር።

ደብተርዎን አይጣሉት፤ የሚጽፉበትን ግን ይለውጡ። መቁጠር ጆሮን ወደ ባት ማስጠጋት ነው፤ ያዳመጡት ሁሉ ይጮኻል። በምትኩ ስንት ሰዓት እንደተኙ፣ ቡና መቼ እንደጠጡ፣ የፕሬድኒሶሎን መጠን መቼ እንደተለወጠ፣ መገጣጠሚያዎ የትኛው ቀን እንዳበጠ፣ ተቅማጥ ወይም ማስመለስ እንደነበረ ይጻፉ። ሌሊት ሲጀምርዎ ጣቶችዎን ወደ ራስዎ ስበው ባትዎን ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይወጥሩት፤ የእኔ ብዙውን ጊዜ በዚህ ያርፍ ነበር።

ጉልበትዎ ከቀነሰ፣ ከወንበር ለመነሣት እጅ መደገፍ ካስፈለገዎ፣ መዋጥ ወይም መናገር ካስቸገረዎ ቀጠሮ አይጠብቁ። የልብ ትርታ መዛባት፣ ወይም በከንፈር ዙሪያና በጣት ጫፍ መደንዘዝ ከእጅ መኮማተር ጋር ከመጣ ደግሞ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ከዚያ ውጭ ግን መርገብገቡን ፈርተው ፕሬድኒሶሎኑን በራስዎ እንዳያቋርጡ አደራ እላለሁ። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሰውነት የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን ማምረት ስለሚቀንስ በድንገት መተው ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ኦሜፕራዞሉንም ቢሆን የሚለውጡት ወይም የሚያቆሙት ሐኪምዎ ናቸው፤ እርስዎ የሚጠይቋቸው «ከጀመርኩት ይህን ያህል ዓመት ሆኖኛል፣ አሁንም ያስፈልገኛል?» ብለው ነው። የምርመራው ውጤት ሲደርስዎ ይጻፉልኝ፤ ቁጥሮቹን አብረን እናያቸዋለን።