የኮፈኑ ወፍ የፋብሪካ ነው ወይስ በኋላ የተለጠፈ?

በሜሪላንድ ሊገዙት ያሰቡትን እ.ኤ.አ. የ1977 ፖንቲያክ ትራንስ ኤም፣ ማለትም ጥቁርና ወርቃማውን «ስፔሻል ኤዲሽን»፣ በላኩልኝ ፎቶግራፎች በጥንቃቄ ተመልክቻለሁ። ሻጩ በኮፈኑ (በሞተሩ ክዳን) ላይ ያለው ትልቅ የወፍ ሥዕልም ሆነ የጎኑ ጽሑፍ ከፋብሪካ እንደወጡ ያሉ ስቲከሮች ናቸው ብሎ በዚሁ ምክንያት ዋጋ ጨምሯል፤ እርስዎም አባባሉን በምን ማረጋገጥ እንደሚችሉ ጠይቀዋል። በእኔ ግምት ወፉ በኋላ የተለጠፈ ነው፤ እንዲህ እንድል ያደረገኝም ወፉ ራሱ ሳይሆን ከላዩ ያለው ክሊር ኮት፣ ማለትም በቀለም ላይ የሚረጨው ቀለም አልባ አንጸባራቂ ሽፋን ነው።

ስቲከሩ መቼና በምን ዘዴ ታተመ የሚለው ጥያቄ፣ በዚህ መኪና ላይ መቼ ተለጠፈ ከሚለው ተለይቶ መታየት አለበት። በዘመኑ ታትሞ ሳይለጠፍ የቆየ ስቲከር ዛሬም አልፎ አልፎ ገበያ ላይ ይገኛል፤ ትናንት ቢለጠፍም ህትመቱ ኦርጅናል ነው። ስለዚህ ህትመቱን ብቻ አይቶ «የፋብሪካ ነው» ማለት አይቻልም፤ ከሥሩ ያለውን ቀለም ማየት የግድ ነው።

ፋብሪካው በ1977 በጥቁሩ ቀለም ላይ ክሊር ኮት አይረጭም ነበር፤ ስቲከሩ የሚለጠፈው በቀለሙ ላይ ሲሆን ከላዩ የሚሸፍነው ነገር አልነበረም። በመሆኑም ጣትዎን ከጥቁሩ ቀለም ወደ ወፉ ክንፍ በቀስታ ሲያንሸራትቱ ጠርዙ ሊሰማዎት ይገባል። ምንም ካልተሰማዎት ወይም የሚሰማዎት ለስላሳ ጉብታ ብቻ ከሆነ ስቲከሩ በክሊር ተሸፍኗል፤ ይህም የቀለም ቤት ሥራ እንጂ የፋብሪካ አይደለም። ኮፈኑን ከቅርብ ባነሱት ፎቶ ላይ የመብራቱ ነጸብራቅ ከጥቁሩ ወደ ወፉ ሳይሰበር ያልፋል፤ የተጠራጠርኩትም ይህን አይቼ ነው። የድሮውን ስቲከር ሳያነሱ ክሊር የሚረጩ መኖራቸው አይካድም፤ ነገር ግን በአርባ ዓመት ፀሐይና በሞተር ሙቀት የተሰነጠቀ ስቲከር ክሊር ቢረጭበትም ስንጥቁ ከሥር ይታያል፣ የእርስዎ ወፍ ግን አንድም ስንጥቅ የለበትም።

የቀለም ውፍረት መለኪያ መሣሪያ ከቀለም ቤት ቢዋሱ ይጠቅምዎታል። የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ገደማ ስለሆነ፣ ከወፉ ውጭ ባለው የኮፈኑ ላሜራ ላይ የዚህን እጥፍ ካነበቡ ኮፈኑ እንደገና ተቀብቷል፤ እንደገና በተቀባ ኮፈን ላይ ያለ ወፍ ደግሞ ከቀለሙ ሊቀድም አይችልም። መሣሪያው የሚሠራው በብረት ላይ ብቻ በመሆኑ ፕላስቲክ የሆነውን የፊት አፍንጫ ለመለካት አይሞክሩ።

ወደ ህትመቱ ስንመጣ፣ አሥር ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ይበቃዎታል። የዘመኑ ስቲከር የታተመው በስክሪን፣ ማለትም ቀለሙን በወንፊት መሰል ጨርቅ በማሳለፍ ስለነበር እያንዳንዱ የወርቅ ቀለም ለብቻው፣ ድፍን ሆኖ ይታያል። በጎኑ ባሉት የጎቲክ ቅርጽ ያላቸው ፊደላት ላይ መነጽሩን ሲያስጠጉ ዳር ዳሩ የጠራ መሆን አለበት፤ በደቃቅ ባለቀለም ነጠብጣቦች የተሠራ ሆኖ ካገኙት ግን በኮምፒውተር ማተሚያ የወጣ የቅርብ ጊዜ ኮፒ ነው። ነጠብጣብ አለመኖሩ ግን ኦርጅናልነቱን አያረጋግጥም፤ ጥሩ ኮፒ የሚሠሩትም ዛሬ ድረስ በስክሪን ያትማሉ። ያረጀ ስቲከር ከጊዜ ብዛት ስለሚሸበሸብና ስለሚያጥር በዙሪያው አቧራ የያዘ ቀጭን የሙጫ መስመር ይተዋል፤ ይህን አስመስሎ መሥራት ከህትመቱ ይልቅ ይከብዳል። በጥፍር መፋቅም ሆነ በቲነር መሞከር ግን ጨርሶ አይገባም፤ ኦርጅናል ከሆነ የሚያበላሹት እርስዎ ይሆናሉ።

ብዙ ገዢ የማያስተውለው በኮፈኑ መሐል ብቅ ያለውን የአየር ማስገቢያ ነው። በዚያ ዓመት ከፍተኛ ኃይል ያለው ሞተር የተገጠመለት መኪና እዚያ ላይ «ቲ/ኤ 6.6» የሚል ጽሑፍ ሲኖረው፣ ሌሎቹ የተጻፈባቸው «6.6 ሊትር» ነበር። የሻሲ ቁጥሩ አምስተኛ ምልክት «ኬ» ከሆነ ሞተሩ ኦልድስሞቢል የሠራው «403» የሚባለው ነው፣ ከፍተኛ ኃይል ያለው አይደለም፤ እንዲህ ባለ መኪና ላይ «ቲ/ኤ 6.6» ካዩ ያ ስቲከር ያለ ቦታው የተለጠፈ ነው፣ የሻጩን ሌላ ቃልም በዚያው ልክ መጠርጠር ይገባል።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ የፖንቲያክ መኪናዎችን የፋብሪካ መዝገብ ከሚሰጠው ከ«ፖንቲያክ ሂስቶሪክ ሰርቪስስ» የተገኘ ሰነድ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ ከሌለው በሻሲ ቁጥሩ ማስመጣት ይቻላል። ጣሪያው ተነቃይ መስታወት ያለው ከሆነ በሰነዱ ላይ «ዋይ 82» የሚለውን ምልክት ይፈልጉ። ሰነዱ የሚናገረው መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ስለነበረው እንጂ አሁን ስላለው ወፍ አለመሆኑን አይርሱ። ምልክቱ ካለ መኪናው እውነተኛ «ስፔሻል ኤዲሽን» ነውና ወፉ ኮፒ ቢሆንም መግዛቱ አያስነቅፍም፤ ለወፉ ተብሎ የተጨመረውን ዋጋ ግን ያስቀንሱ። የጎኑ ፊደላት ኦርጅናል ሆነው ከተገኙና አርጅተው መቀየር ካለባቸው፣ ከመነሳታቸው በፊት በሚያሳይ ወረቀት ቅርጻቸውን ያስገልብጡ፣ ከላሜራው ጠርዝ ያላቸውንም ርቀት በሚሊሜትር ለክተው ይመዝግቡ።