አባባን «አንቱ» ብዬ ልጻፈው?

ጥያቄ፦ እንደምን ናችሁ? አባታችን ካረፈ ዛሬ 23 ቀኑ ነው። የድሬዳዋ ልጅ ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ ምድር ባቡር ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠርቷል። ቀልደኛ ነበር። ጡረታ ሲወጣ የትኬት መብሻውን ኪሱ ውስጥ ይዞት መጣ፤ ይስጡት፣ ይርሱት እስካሁን አናውቅም። ምሳ ሲደርስ የሳሎኑ በር ላይ ይቆምና የልጅ ልጆቹን «ትኬት!» ይላቸዋል። እነሱም ከደብተር ቀደው «ከሳሎን ወደ ምሳ» ብለው ጽፈው ይሰጡታል፣ ቀጭ አድርጎ ይበሳና ያሳልፋቸዋል። እጁን ያልታጠበ ካለ «ይሄ መንገደኛ ይውረድልኝ» ነው።

ቀብሩ ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ ግን «በ1957 ዓ.ም. ተቀጠሩ፣ በ1994 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ብሎ አለቀ። የ7 ዓመቱ የወንድሜ ልጅ እጄን ይዞ «ይሄ ስለማን ነው?» አለኝ። ለአርባው እኔ ሌላ ልጽፍ አስቤያለሁ። ታላቅ ወንድሜ ሐዘን ላይ ቀልድ ነውር ነው ይላል። አጎታችን ደግሞ «አንቱ ብለሽ ካልጻፍሽ ተነሥቼ እወጣለሁ» ብለዋል። እኛ አባባን አንተ እንጂ አንቱ ብለነው አናውቅም። ዕድሜውም አከራክሮናል፤ 78 ተብሎ ተነበበ፣ እማማ 76 ነው ትላለች። ለመቀጠር ሁለት ጨምሮ ነው፣ ራሱም «ሁለቷን ከባቡሩ ተበድሬ ነው» ይል ነበር። ደግሞስ መብሻው ለማን ይሁን?
የባቡሩ ልጅ

መልስ፦ ነፍስ ይማር እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቅኩ፣ ከዚያ ደግሞ አፈርኩ። ግን አባትሽ በዚህ የሚቀየሙኝ አይመስለኝም።

መጀመሪያ ያንን የቀብር ጽሑፍ የጻፈውን ሰው ማሩት። እንዴት እንደሚጻፍ ታውቂያለሽ። ሰው ዛሬ ሞቶ ነገ ይቀበራል። ሌሊት ድንኳን ውስጥ ጽሑፍ ያምርለታል የተባለ አንድ ዘመድ ወረቀት ይሰጠዋል፣ እንቅልፍ ያጣ ቤተሰብ መሐል ገብቶ «መቼ ነው የተቀጠሩት? ስንት ልጅ ነው የምንለው?» እያለ ይጠይቃል። በዚያ ሰዓት ከዓመተ ምሕረት ሌላ ምን ይገኛል? ተወለዱ፣ ተቀጠሩ፣ አገቡ፣ አረፉ። ሟቹን ቀይረሽ ብታነቢው ማንም አይነቃም። አንቺ ግን ገና 17 ቀን አለሽ፣ ለዚህ ሥራ ብዙ ነው።

ለወንድምሽ ይህን ንገሪልኝ። ልቅሶ ቤት ሳቅ ከጠፋ ሰው አላመሸም ማለት ነው። ድንኳኑ ጥግ ካርታ የሚጫወቱት ጎረምሶች፣ ንፍሮ እየቆረጠሙ የሟችን ጉድ የሚያወሩት የእድር አባቶች ከየት መጡ? የድሮዎቹ አስለቃሾችም ሙሾ ሲያወርዱ «ጥሩ ሰው ነበር» ብለው አያልፉም፤ አረማመዱን፣ አነጋገሩን፣ ፈረስ አጋለቡን እየጠሩ ነው ያስለቀሱት። የአባትሽ ፈረስ ያ መብሻ ነው። ነውሩ ከውጭ ቀልድ አምጥቶ ሰው ለማሳቅ መሞከር ነው። እሱ የቀለደውን እንዳለ መጻፍ ምኑ ነው ነውሩ?

ስለዚህ ከበሩ ጀምሪ። «የ1957ቱን» ተይውና «ትኬት!» ብለሽ ጀምሪ። ልጆቹ ምን ወረቀት ላይ እንደጻፉ፣ መብሻው ምን ዓይነት ቀዳዳ እንደሚያወጣ፣ ማን በሐሰተኛ ትኬት ሊያልፍ ሞክሮ እንደተያዘ ጻፊ። (አንድ እንዲህ ያለ ሌባ በየቤቱ አይጠፋም።) ከተበሱት ትኬቶች የተረፈ ካለ ፈልጊ፣ እንዲህ ያሉ አያቶች አይጥሉም። የብስኩት ቆርቆሮውን ክፈቺ።

አንድ ነገር ግን እንዳያመልጥሽ። ቀልደኛ ሰው ሲሞት ቀልዱ ብቻ ይወራና ሌላው አብሮት ይቀበራል። ከ1957 እስከ 1994 ማለት 37 ዓመት ነው። መሐሉ ላይ 1966 አለ፣ 1969 አለ። የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ ደጃፍ ሲደርስ፣ ሐዲዱ ተቆርጦ ባቡር ሲቆም፣ የባቡር ሰው ምን እየበላ ሰነበተ? አባትሽ ያኔ ገና ሠላሳ አልሞላውም። ይህንን እማማን ጠይቂያት። ቡና አፍልተሽ ጠይቂያት፣ ስልክሽን ድምፅ መቅጃ ላይ አድርገሽ። የሥራ ባልደረቦቹም በሕይወት ካሉ ፈልጊያቸው። በዚያ መስመር ላይ ኮንትሮባንድ ጭነው፣ ልጅ አዝለው፣ ሳንቲም ሳይኖራቸው የሚሳፈሩ ሴቶች ነበሩ። ትኬት የሌላት ሴት ፊቱ ስትቀርብ አባትሽ ምን ያደርግ ነበር? እኔ መስማት የምፈልገው ይሄን ነው።

የአንቱው ነገር... አጎትሽ የድሬ ሰው አይደሉም መሰለኝ! ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ዓረቡ፣ ግሪኩ አንድ ሰፈር ላይ ተገናኝቶ ነው የኖረው፣ እዚያ ሽማግሌውም አንተ ነው። የድሬ ልጅ አባቱን አንተ ሲል ንቆ አይደለም። እንዲህ አድርጊ። የመጀመሪያዋን አንቀጽ ለአጎትሽ ስጪያቸው፤ ተወለዱ፣ ተቀጠሩ፣ አገቡ፣ በሙሉ ስማቸው፣ በሙሉ አንቱታ። ከዚያ «እኛ ልጆቹ ግን አንተ ነበር የምንለው» በይና ወደ በሩ ሂጂ። አጎትሽ ተነሥተው ቢወጡ እንኳ ጮማው ሳይቀርብ አይወጡም።

ዕድሜውን 76 ብለሽ ጻፊ። እማማ ናት የምታውቀው። በዚያ ዘመን የ16 ዓመት ልጅ በወረቀት 18 ሆኖ መቀጠሩ ብርቅ አይደለም። ከጎኑ የብድሯን ወሬ አስገቢ፣ ክርክሩን እሱ ራሱ ይዝጋላችሁ።

ሁለት ገጽ ይበቃል። ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው፣ ሰው በልቶ ቡና ሲቀርብ ይነበብ፣ ሳህን እየተንኳኳ አይሁን። አንቺ አታንብቢው፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ድምፅሽ ይቆረጣል። ከፍ ካሉት የልጅ ልጆች አንዷ ታንብበው። ፎቶውም የመታወቂያው ጉርድ አይሁን፣ እባክሽ። ሲስቅ የተነሣው ይሁን፣ ጥርሱ ቢጎድልም።

መብሻውን «ይሄ ስለማን ነው?» ላለው ልጅ ስጡት። መጀመሪያ ግን እጁን ይታጠብ።