«ደህና ነኝ» ብሎ ስልኩን ይዘጋብኛል

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ልጄ መሠረታዊ የውትድርና ስልጠና ከገባ አራተኛ ሳምንቱን ይዟል። የተመዘገበው ሳይነግረን ነው። እስካሁን ሁለት ጊዜ ደወለ፤ ሁለቱንም ጊዜ በጎረነነ ድምፅ «ደህና ነኝ፣ አታስቢ» ብሎ ዘጋብኝ። እኔም ድምፁን ስሰማ እንባዬን መቆጣጠር ያቅተኛል። ለ14 ዓመት እህቱ ሁለት ገጽ ሙሉ ደብዳቤ ሲጽፍላት ለእኔ አራት መስመር ነው። አባቱ ዝም ብሏል። ልጄ ተለወጠብኝ። ለአለቃው ልደውል? ወይስ ላስወጣው?

መልስ፦ ውድ እናት፣ በቅድሚያ ስለ ድምፁ ልንገርዎት፤ ሲያለቅስ ያደረ ሰው ድምፅ መስሎ ተሰምቶዎት እንደሆነ እገምታለሁ። ምልምል ወታደር ትእዛዝ ሲቀበል ይጮኻል፣ ሲቆጥር ይጮኻል፣ ሲሮጥ ይዘምራል። ጉሮሮው ቢዘጋ አይገርምም። በዚያ ላይ ብዙ ሰው በአንድ አዳራሽ ስለሚያድር ጉንፋን ከአልጋ ወደ አልጋ ይዞራል። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1971 ለምልምሎቹ የአዴኖቫይረስ (ጉንፋን መሰል ሕመም የሚያመጣ ተሕዋስ) ክትባት መስጠት የጀመረው በዚሁ ምክንያት ነው። ንግግሩን የሚያሳጥረውም ከኋላው ወረፋ የያዙ ጓደኞቹና ሰዓት የሚቆጥር አሰልጣኝ ስላሉ ሊሆን ይችላል።

እኔ የቆምኩት ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው። ለእህቱ ሁለት ገጽ ይጽፋል። እንግዲያው ልጁ ቃል አልጠፋበትም፣ ፍቅሩም አልነጠፈም። እሷ ምን እንደምትጽፍለት አልነገሩኝም፤ ግን የ14 ዓመት ልጅ የምትጽፈው ስለ ፈተና ውጤቷ፣ ስለተጣላቻት ጓደኛዋ፣ የወንድሟን አልጋ ስለ መውረሷ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ አንብቦ ይስቃል፣ ይመልስላታል፣ ይተኛል። ምንም አይጠየቅበትም።

የእርስዎን ጥሪ ደግሞ እስቲ በእሱ ጆሮ ይስሙት። አምስት ደቂቃ ተሰጥቶታል እንበል። «ደህና ነህ?» ይሉታል። አዎ እንዳይል ከስክስ ጫማው እግሩን ልጦታል፣ እንቅልፉም በዘብ ተራ ተቆራርጧል። አይደለሁም እንዳይል እርስዎ እንቅልፍ እንደማይወስድዎት ያውቃል። ወዲያው ልቅሶ ይሰማል። የቀረችውን ሦስት ደቂቃ እናቱን ሲያባብል ይጨርሳታል። በእነዚህ የመጀመሪያ ሳምንታት መቼ እንደሚነሳ፣ ምን እንደሚለብስ፣ በስንት ደቂቃ በልቶ እንደሚጨርስ የሚወስንለት ሌላ ሰው ነው። ይህ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው፣ ያደክማልም። የተረፈችው አቅም ለራሱ እንኳ በጭንቅ የምትበቃ ናት። ማሳጠሩን እንደ መጨከን አልቆጥረውም፤ አቅሙን እየቆጠበ ነው።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር፣ እንዳይቀየሙኝ። «የተመዘገበው ሳይነግረን ነው» ብለው በአንድ መስመር አልፈውታል። ያ መስመር ግን የደብዳቤዎ ሁሉ እምብርት መሰለኝ። ቁስሉን ለልጅዎ አልነገሩትም፤ ስለዚህ በእንባ በኩል እየወጣ ነው። «አውጡኝ» አለኝ ብለው አልጻፉልኝም፤ «ላስወጣው?» ያሉት እርስዎ ነዎት። በልብዎ ጥግ «አቃተኝ ብሎ በተመለሰልኝ» የሚል ምኞት ቢኖር ነውር የለበትም። ልጅ ግን ይህን ከእናቱ ትንፋሽ ይለየዋል። እርስዎ «ናፈቅኸኝ» ብለው ሲያለቅሱ እሱ የሚሰማው «ተሳስተሃል» የሚል ነው። ስለዚህ ሕመሙን ሊነግርዎት አይችልም፤ የተናገረው ሁሉ ለመመለሱ ማስረጃ ይሆንበታል።

ይህ ደግሞ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ምልምሎች ከሚደብቋቸው ጉዳቶች አንዱ በሩጫና በሸክም ብዛት በቅልጥም ወይም በእግር አጥንት ላይ የሚፈጠር ስንጥቅ ነው። ሕመሙ በጣት የሚጠቆም ነው፤ በእንቅስቃሴ ይብሳል፣ እየቆየም በእረፍት ጊዜ ጭምር ያማል። የሚደብቁት ከጓደኞቻቸው ተነጥለው ወደ ሌላ ዙር እንዳይወርዱ ፈርተው ነው። በጊዜ ከታየ በጥቂት ሳምንታት እረፍት የሚድነው፣ ተደብቆ ከተሮጠበት ሙሉ ስብራት ሊሆን ይችላል። «እግሬን አመመኝ» ሲልዎት «ቀድሞም ብዬህ ነበር» ከማለት ይልቅ «ዛሬውኑ ሐኪም አሳይ» የምትል እናት ታስፈልገዋለች።

ለአለቃው አሁን ባይደውሉ ይሻላል። ሞትን ወይም ራሱን መጉዳትን የሚያነሳ ቃል ከሰሙ ግን አንድ ቀን እንኳ ሳያድሩ ለጦር ክፍሉ ይደውሉ። ከዚህ ውጭ በሳምንት አንድ ሁለት ደብዳቤ ይጻፉለት። ደብዳቤ ተጠራቅሞና ተዘበራርቆ ስለሚደርስ ቀን ይጻፉበት፤ አድራሻው ላይ የተመደበበትን ሻምበልና ጋንታ ካልጠቀሱ ሊጠፋ ይችላል። ፖስታው ተራ ይሁን፤ ያሸበረቀው የጓደኞቹ መሳቂያ ያደርገዋል። የሚበላ ነገር መፈቀዱን ሳያረጋግጡ አይላኩ። በስልክ ደግሞ «ዛሬ ምን ተማርክ?» ብለው ይጀምሩና እሱ ይናገር። እንባ ከመጣም ይምጣ፤ ብቻ «አለቀስኩ፣ ግን ደህና ነኝ» ይበሉትና እንዳያባብልዎት ነፃ ያውጡት።

ስለ ምዝገባው የሚነጋገሩበት ጊዜ ይመጣል። ተመርቆ ቤት ሲመጣ፣ ሁለት ሦስት ሌሊት በደንብ ከተኛ በኋላ ቢሆን ይሻላል። እስከዚያ ይህን ቁጭት ብቻዎን አይያዙት፤ ከአንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ፊት ለፊት ቢቀመጡ ደስ ይለኛል፣ ቢቻል ከባለቤትዎ ጋር። ዝምታቸውን ከዚህ ሆኜ መተርጎም አልችልም፤ ግን እሳቸውም እንደ ልጅዎ እርስዎን ላለማስለቀስ ቃላቸውን እየቆጠቡ ይሆን ብዬ አስቤያለሁ። ዛሬ ማታ ቢጠይቋቸውስ?