ጥያቄና መልስ፦ ነርስ የምትመራው የዋርድ ንጽሕና

በጦር ሆስፒታል ዋርድ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከደብረ ብርሃን፣ ከሸዋሮቢትና ከመንዝ የመጡልኝን ጥያቄዎች እንደ ቅደም ተከተላቸው እመልሳለሁ።

ጥ፦ ሲስተር፣ በጦርነት ጊዜ ከጥይት በላይ ኢንፌክሽን ይገድላል የሚባለው እውነት ነው?

መ፦ እንግሊዝና አጋሮቿ ከሩሲያ ጋር በተዋጉበት በክራይሚያ ጦርነት እውነት ነበር። እንግሊዛዊቷ ነርስ ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1854 ቱርክ ውስጥ ስኩታሪ ወደሚገኘው ጦር ሆስፒታል ስትደርስ ወታደሩን የሚጨርሰው ታይፈስ፣ ኮሌራና ተቅማጥ ነበር። በ1855 የቆሻሻ መውረጃው ተጠርጎ አየር ሲገባ ሞቱ በጣም ቀነሰ። ከኢራቅ ጦርነት የተመለሱ የአሜሪካ ቁስለኞችም ብዙ አንቲባዮቲክ የማይበግረው አሲኔቶባክተር የሚባል ጀርም ይዟቸው ነበር። ጀርሙ ሲፈለግ በሜዳ ሆስፒታሎቹ ውስጥ ተገኘ።

ጥ፦ ሃምሳ አለቃ ነርስ ነኝ። ሻለቃ ሐኪምን እንዴት «እጅዎን ያጽዱ» እላለሁ?

መ፦ እህቴ፣ ይህ ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ነው። ብቻሽን ልትጋፈጪው አይገባም። አዛዡ በጽሑፍ ሥልጣን ይስጥሽ፤ በዋርዱ ሁሉ ፊትም ይነበብ። ያን ጊዜ የሚናገረው ማዕረግሽ ሳይሆን ደንቡ ነው። የእጅ ማጽጃ አልኮሉን በየአልጋው ግርጌ አድርጊ። ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «ሻለቃ፣ አልኮሉ ይኸው» በይ። ሻለቃው እምቢ ካለ፣ በሽተኛው ፊት አትከራከሪ፤ መዝግበሽ ለኃላፊው አሳውቂ። ሐኪሙ ጎብኝቶ ይሄዳል፤ ሌት ተቀን አልጋው አጠገብ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ) የገባበት ሲቀላ፣ ቁስሉ ሲሸት ቀድማ የምታየው ነርስ ናት። ኃላፊነቱን ሰጥቶ ሥልጣኑን መንፈግ ግፍ ነው፤ ይህን ለአዛዦችም እላለሁ።

ጥ፦ ውሃ ሲጠፋስ?

መ፦ እጅሽ ላይ ደም ወይም እድፍ ካልታየ አልኮል ይበቃል፤ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ እሺው። እድፍ ካለ ወይም በሽተኛው ተቅማጥ ካለው ሳሙናና ውሃ የግድ ነው። ስለዚህ ቧንቧ ያለው በርሜል ሁልጊዜ ሞልቶ ይደር። ጓንት እጅ መታጠብን አይተካም።

ጥ፦ በረኪና እንዴት ይበጠበጣል?

መ፦ ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ። በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ። ደም የፈሰሰበትን መጀመሪያ ጥረጉ፣ ከዚያ በረኪናው። ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል።

ጥ፦ የደብረ ብርሃን ብርድ መስኮት አያስከፍትም። ምን ይሻላል?

መ፦ ብርዱን አውቀዋለሁ። ግን ቲቢ የሚወደው የታፈነ ክፍልን ነው። ለበሽተኛው ብርድ ልብስ ጨምሩለትና ትይዩ ያሉትን መስኮቶች ክፈቱ። ሳሉ የቆየበትን ለብቻው አስተኙ፤ ማስክም ስጡት።

ጥ፦ አስታማሚ አልጋ ላይ ይቀመጣል፤ ስንናገር ይቀየማል።

መ፦ አትቆጡት። ወንበር ስጡት፣ አልኮሉንም አሳዩት። ምክንያቱ ከተነገረው አብዛኛው ሰው ይተባበራል።