ሲግናለር ለመሆን ከቁልፉ በፊት ንግግሩን ተለማመጂ

እህቴ፣ የጠየቅሽው ሦስት ነገር ነው፦ የባቡር ሲግናለር ሆኖ ሥራ ለመጀመር ምን ልዘጋጅ፣ የመምረጫ ፈተናው ምን ይመስላል፣ ደግሞስ ኮምፒውተሩ ሁሉን የሚሠራ ከሆነ ሰው ለምን ያስፈልጋል። ከመጨረሻው ልነሣ፤ እሱ ከገባሽ የቀሩት ሁለቱ ይቀላሉ።

በቅድሚያ አንድ መደናገር ላጥራ። «የሲግናል ሠራተኛ» ሲባል ሁለት ሙያ ይደባለቃል። አንዱ ገመዱን፣ ሪሌዩን (በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሳብ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ ሞተሩን የሚጠግነው ቴክኒሻን ነው፤ እሱ የኤሌክትሪክ ወይም የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ይጠየቃል። ሲግናለር ግን መቆጣጠሪያ ክፍል ተቀምጦ የትኛው ባቡር መቼ፣ በየትኛው ሐዲድ እንደሚያልፍ የሚፈቅደው ነው። ይህን ብዙ የባቡር ድርጅቶች ከባዶ ተነሥተው ያስተምራሉ፤ ስለዚህ «ምሕንድስና አልተማርኩም» ብለሽ አትቅሪ። ማስታወቂያ ስታነቢ ከርዕሱ ይልቅ የሥራ ዝርዝሩን ተመልከቺ።

አሁን ወደ ጥያቄው። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ባቡር ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ሹፌሩ ፊቱ ላይ ያለውን ባቡር አይቶ ሊያቆም አይችልም ማለት ነው። ስለዚህ መስመሩ ብሎክ በሚባሉ ክፍሎች ይከፈላል፤ ደንቡም በአንድ ብሎክ ውስጥ በአንድ ጊዜ ከአንድ ባቡር በላይ አይገባም የሚል ነው። ብሎኩ መያዙን ከሚያሳውቁት መሣሪያዎች ዋነኛው ትራክ ሰርኪት ነው። በሁለቱ ሐዲዶች አነስተኛ ኤሌክትሪክ ይላካል፤ ሌላው ጫፍ ላይ ያለው ሪሌይ በዚያ ኃይል ተስቦ ይቆያል። ባቡር ሲገባ የብረት ጎማውና ዘንጉ ሁለቱን ሐዲዶች ያገናኛሉ፣ ኤሌክትሪኩ ሪሌዩ ጋ ሳይደርስ ይመለሳል፣ ሪሌዩ ይወድቃል፣ ስክሪንሽ ላይ ክፍሉ «ተይዟል» ይላል። ገመድ ቢበጠስም፣ ኃይል ቢቋረጥም ያው ይወድቃል። ሲበላሽ ወደ ጥንቃቄው በኩል እንዲበላሽ ሆኖ ነው የተሠራው።

ከዚህ በላይ ኢንተርሎኪንግ የሚባል፣ ሲግናሎችንና ሐዲድ መቀየሪያዎችን እርስ በርስ የሚያቆላልፍ ሥርዓት አለ። በፊት በብረት ዘንግ፣ ቀጥሎ በሪሌይ፣ አሁን በኮምፒውተር ይሠራል፤ ሐሳቡ ግን አልተለወጠም፦ ሐዲድ መቀየሪያው በትክክል ዞሮ ካልተቆለፈ ወይም የሚጋጭ መንገድ ክፍት ከሆነ፣ ሲግናሉ አረንጓዴ እንዳይሆን ይከለክላል። ሐሳብሽን ቀይረሽ በሚመጣ ባቡር ፊት መንገዱን ብትሰርዢ እንኳ ሲግናሉ ወዲያው ቀይ ይሆናል እንጂ መቀየሪያው ቶሎ አይፈታም፤ ሹፌሩ ማቆም ካልቻለ ብሎ እንደየቦታው 2 ወይም 3 ደቂቃ ያህል ይዞ ይቆያል። አዲስ ሰልጣኞች ይህን ብልሽት ይመስላቸዋል።

እንግዲህ ሁሉ ደኅና ሲሆን፣ አንቺ ብትሳሳቺ ማሽኑ እምቢ ይላል። የተቀጠርሽው ግን ማሽኑ ራሱ ለታመመበት ሰዓት ነው። በመቀየሪያው ምላስና በሐዲዱ መካከል ጠጠር ገብቶ መዘጋቱ አይረጋገጥም፤ ትራክ ሰርኪቱ ባቡር ሳይኖር «ተይዟል» ይላል፤ ወደ ክፍሉ የሚገቡትንና የሚወጡትን የባቡር ዘንጎች የሚቆጥረው አክስል ካውንተር የገቡትን 48፣ የወጡትን 47 ብሎ ይቆጥራል። ያን ጊዜ ሲግናሉ ቀይ ሆኖ ይቀራል፣ ባቡሩ ግን መሄድ አለበት። የሚሄደው በአንቺ ቃል ነው። እምቢ የሚልሽም የለም።

ቀይ ሲግናል አሳልፎ መፍቀድን እንውሰድ። ሹፌሩ ሲግናሉ ሥር ቆሞ ይደውላል። የባቡሩን ቁጥርና የቆመበትን ሲግናል ቁጥር ከእሱ አፍ ትሰሚያለሽ፤ «አንተ 214 ላይ ነህ አይደል?» ብለሽ አትጠይቂ፣ ሰው ሲቸኩል «አዎ» ይላል። ቀጥሎ ፊት ያለው ክፍል ባዶ መሆኑን ታረጋግጫለሽ። የመጨረሻው ባቡር ከነሙሉ ተሳቢው መውጣቱን በምን አወቅሽ? የኋላ መብራቱን ያየ ሰው አለ? ከዚያ መንገዱ ላይ ያሉት መቀየሪያዎች በሚፈለገው አቅጣጫ ዞረው ተቆልፈዋል ወይ? ማሽኑ ካላረጋገጠልሽ ቦታው ድረስ ሰው ሄዶ በመቆለፊያ ያስረዋል፣ አስሮም ይነግርሻል። የመኪና ማቋረጫ ካለ መዘጋቱ ይጣራል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ፈቃዱ የሚሰጠው፦ የትኛውን ሲግናል ያልፋል፣ እስከየት ይሄዳል፣ በምን ፍጥነት፤ ማለትም እንቅፋት ካየ በሚያየው ርቀት ውስጥ ሊቆም በሚችልበት። ሹፌሩ ቃል በቃል ይመልስልሻል፣ ሁለታችሁም ትጽፋላችሁ። አንዷን እርምጃ መዝለል የሚያጓጓው ዘወትር አንድ ነገር ነው፤ ባቡሮች ተሰልፈው አለቃ «ምን ሆናችሁ?» እያለ ሲደውል።

ስለዚህ ለዚህ ሥራ ከምንም በፊት የሚሠለጥነው አፍና ጆሮ ነው። በአማርኛ ስትሠሪ ደግሞ የራሱ ወጥመዶች አሉት። «ይለፍ» እና «አይለፍ» የሚለያዩት በአንዲት «አ» ነው፤ ሬዲዮ ሲንኮሻኮሽ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። ስለዚህ ማስቆም ስትፈልጊ «አትለፍ» አትበይ፣ «ባለህበት ቁም» በይ። «ሠላሳ» እና «ስልሳ» ለጆሮ ይቀራረባሉ፤ «ሦስት፣ ዜሮ» ወይም «ስድስት፣ ዜሮ» ብለሽ አሃዝ በአሃዝ ጥሪ። ከሁሉ የከፋችው «እሺ» ናት። እሺ ማለት ሰማሁ ነው? ተስማማሁ ነው? ልፈጽም ነው? በዚህ ሥራ «እሺ» መልስ አይደለም፤ የተነገረው ራሱ ተደግሞ ካልተመለሰልሽ አልተነገረም ብለሽ ቁጠሪ። ንግግሩን የምትመሪው አንቺ ነሽ፦ ማን እንደሆንሽ፣ ከየት እንደምትናገሪ፣ ከማን ጋር እንደሆንሽ አስቀድሚ፤ ሌላው ሲንጫጫ «ቆይ፣ ከመጀመሪያው» ለማለት አትፈሪ።

ቤት ውስጥ የሚደረግ ልምምድ አለ። ጓደኛሽ ሌላ ክፍል ሆና በስልክ ባለ 4 አሃዝ የባቡር ቁጥር፣ የሲግናል ቁጥርና የቦታ ኪሎ ሜትር ትንገርሽ፤ አንቺ ጻፊ፣ መልሰሽ አንብቢ፣ እሷ ሆን ብላ አንዳንዴ ተሳስታ ታርም። ሬዲዮ ክፍት ይሁን፣ ሌላ ስልክም ይጩህ። በሳምንት ሦስት ቀን 20 ደቂቃ ብታደርጊው ለፈተናውም ለሥራውም ይጠቅምሻል።

ሐዲድ ላይ ለሚሠሩ ሰዎች ከለላ መስጠት ሌላው የዕለት ሥራ ነው፤ ሰው የሚሞትበትም እሱ ነው። የቡድኑ ኃላፊ ደውሎ «ከዚህ እስከዚህ ልሠራ» ይላል። ቦታውን በኪሎ ሜትርና በሐዲዱ ስም ትቀበያለሽ፣ ከካርታው ጋር ታስተያያለሽ፣ የሚከላከሉትን ሲግናሎች ቀይ ታደርጊያለሽ፣ ማስታወሻ ምልክት ትለጥፊባቸዋለሽ፤ ከዚያ ነው ፈቃድ የሚሰጠው፣ ሰዓቱም ይጻፋል። ብዙ ጊዜ የሚሳተው ቀዩ ሲግናል አይደለም። ሲግናሉ ቀይ ከመሆኑ በፊት አልፎት የገባ ባቡር ነው! በሲግናሉና በሠራተኞቹ መካከል ባቡር እንደሌለ ሳታረጋግጪ የሰጠሽው ከለላ ከለላ አይደለም። ሁለተኛው ስሕተት ሐዲዱን መቀያየር ነው፤ እነሱ ወጪው ላይ ናቸው፣ የተዘጋው ገቢው። ሲጨርሱም ፈቃዱን የሚመልሰው ራሱ የወሰደው ሰው ነው፤ ሌላ ደውሎ «ጨርሰዋል» ቢልሽ አትክፈቺ።

ማቋረጫ ላይም ይኸው ነው። ከባድ ጭነት ወይም የከብት መንጋ ይዞ ለመሻገር የሚደውል ሰው ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት ጠይቂ፣ ተሻግሮ መልሶ እንዲደውልም ንገሪው። መልሶ ካልደወለ ተሻግሯል ብለሽ አትገምቺ።

አክስል ካውንተር «ሪሴት» የሚባል ቁልፍ አለው፤ ቆጠራውን ወደ ዜሮ ይመልሰዋል። አደገኛነቱ መጠቀሙ ቀላል ስለሆነ ነው። ባቡር ውስጡ ቆሞ ሪሴት ብታደርጊ ማሽኑ «ባዶ» ብሎ ያምንሻል። ክፍሉ ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ይነካል፣ ቀጥሎ የሚገባው የመጀመሪያ ባቡርም ብዙ ቦታ በጥንቃቄ እንዲሄድ ይደረጋል። ትራክ ሰርኪትም ብርቅ በሆነ አጋጣሚ ይዋሻል፦ ሐዲዱ ዝጎ ወይም በረገፈ ቅጠል ተለብጦ ከሆነ ባቡር እያለ «ባዶ» ሊያሳይ ይችላል። ከስክሪን ላይ ድንገት የጠፋ ባቡር አላለፈም፤ የት እንዳለ እስክታውቂ አለ።

ስለ ማስታወስ ሁለት አደጋዎችን ልጥቀስ፤ ሙያው የሚማረው ከእነሱ ነው። ግንቦት 22 ቀን 1915 (እ.ኤ.አ.) ስኮትላንድ ውስጥ ኩዊንቲንስሂል በተባለ ቦታ፣ ሲግናለሮቹ መስኮታቸው ሥር የቆመ የአካባቢ ባቡር ረስተው ወታደር የጫነ ባቡር ለቀቁበት። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ተረካቢው ዘግይቶ የገባው በዚያው በቆመው ባቡር ተሳፍሮ ነበር! ከባልደረባው ጋር በነበራቸው የግል ስምምነት ስለዘገየ የሰዓቱን መዝገብ ከወረቀት እየገለበጠ ነበር፤ መስመሩ መያዙን ለማስታወስ በሲግናሉ ማንቀሳቀሻ ዘንግ እጀታ ላይ የሚጠለቀው ቀለበትም አልተጠለቀም። ሌላው የካቲት 9 ቀን 2016 (እ.ኤ.አ.) ጀርመን ባድ አይብሊንግ ነው። ተቆጣጣሪው በሥራ ላይ በስልኩ ጌም ይጫወት ነበር፤ ሁለት ባቡሮች በነጠላ መስመር ተጋጩ፣ 12 ሰው ሞተ። ስሕተቱን አውቆ የላከው የአደጋ ጥሪም ለሹፌሮቹ አልደረሰም፤ የተሳሳተ ቁልፍ ተጭኗል። ስለዚህ ስልክሽ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ ማስታወሻ ምልክቱን «ለአንድ ደቂቃ ነው» ብለሽ አትዝለዪው፤ የአደጋ ጥሪውን ቁልፍ ዓይንሽን ጨፍነሽ እስክታገኚው ተለማመጂ።

የፈረቃ ርክክብ መቆጣጠሪያ ሰሌዳው (ፓናሉ) ፊት ቆማችሁ፣ በጣት እያሳያችሁ ይሁን፦ የተበላሸው፣ የተዘጋው፣ ሐዲድ ላይ ያለው ሰው፣ ያልተመለሰው ፈቃድ፣ የፍጥነት ገደቡ። ተረካቢው መዝገቡን አንብቦ ከፈረመ በኋላ ብቻ ተነሺ። መዝገብ ላይ የተሳሳተ ጽሑፍ አይፋቅም፤ በአንድ መስመር ተሰርዞ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል።

ፈተናው እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚችል ሰው ፍለጋ ነው። ብዙ ቦታ የሚለካው ለረጅም ጊዜ አሰልቺ ነገር እያዩ ትኩረት አለመጣል፣ የተሰጠን ደንብ ሳያጣምሙ መተግበር፣ ሁለት ሦስት ነገር በአንድ ላይ መያዝ ነው። ፍጥነት ለማሳየት ብለሽ አትገምቺ፤ የተሳሳተ መልስ ካልተመለሰ ይልቅ ሊጎዳ ይችላል። ቃለ መጠይቁ ላይ «ደንቡ አንድ ነገር ሲል አለቃሽ ሌላ ቢልሽስ?» ዓይነት ጥያቄ ጠብቂ። የሕክምና ምርመራው ዓይንን፣ ጆሮን፣ አልኮልና አደንዛዥ ዕፅን ያያል። ቀለም የመለየት ችግር ብዙዎችን የሚጥል ነው፤ ከማመልከትሽ በፊት ዓይን ሐኪም ዘንድ ተመርመሪ፤ ከወራት ዝግጅት በኋላ ከምታውቂው ይሻላል።

የፈረቃው ነገር ቀላል አይደለም፤ ሌሊት፣ በዓል፣ እሑድ ሁሉ አለ። ከሌሊቱ 8 እስከ 11 ሰዓት አእምሮ ከሁሉ ጊዜ ይልቅ ይደክማል፤ በዚያ ሰዓት የምትሰጪውን ፈቃድ ሁሉ ከመናገርሽ በፊት ጽፈሽ አንብቢው። የጉንፋን መድኃኒት ሳይቀር እንቅልፍ ያመጣልና ከመዋጥሽ በፊት ለኃላፊሽ ንገሪ።

ሥልጠናው ክፍል ውስጥ በደንብ መጽሐፍ ይጀምራል፣ ሥራውን በሚያስመስል ማሽን (ሲሙሌተር) ይቀጥላል፣ ከዚያ ብቁ ሲግናለር ከኋላሽ ቆሞ በእውነተኛው ፓናል ትሠሪያለሽ። ብቃቱ የሚጸድቀው ለዚያ ቦታ ነው፤ ሌላ ጣቢያ ስትዛወሪ የአካባቢውን ዕውቀት እንደገና ትማሪያለሽ። ምርጫ ከተሰጠሽ፣ በእኔ አስተያየት፣ ነጠላ መስመርና ማቋረጫ ያለበት ትንሽ ጣቢያ ለጀማሪ ከትልቁ ማዕከል ይሻላል። ትልቁ ጋ ማሽኑ ብዙውን ስለሚሠራልሽ ደንቡን የምትነኪው ሲበላሽ ብቻ ነው፤ ትንሹ ጋ በየቀኑ በእጅሽ ትሠሪዋለሽ።

እዚያ ከገባሽ የመጀመሪያው ሳምንት የቤት ሥራሽ ይህ ይሁን፦ ባዶ ወረቀት ላይ የጣቢያውን ሐዲዶች፣ እያንዳንዱን ሲግናልና መቀየሪያ ከነቁጥሩ፣ ማቋረጫዎቹን፣ ቁልቁለቱን ሳታዪ ሳዪ። የሳትሽውን በቀይ አርሚ፣ በማግሥቱ በአዲስ ወረቀት እንደገና ጀምሪ።