የመኖ ጥሬ ዕቃ ገዥ ለመሆን ምን ይዤ ልቅረብ?

ጥያቄ፦ «ዘንድሮ ደብረ ብርሃን ላይ በእንስሳት ሳይንስ እመረቃለሁ። አንድ መኖ ማቀነባበሪያ የጥሬ ዕቃ ግዥ ሠራተኛ ይፈልጋል። መኖ ማመጣጠን ተምሬአለሁ፤ አንድ ኩንታል ፉርሽካ ገዝቼ ግን አላውቅም። ልወዳደር?»

ተወዳደሪ እህቴ፤ ግን ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ከቃለ መጠይቁ በፊት ዱቄት ፋብሪካዎችንና መኖ መደብሮችን ዙሪ። የፉርሽካ፣ የፉርሽኬሎ (ከፉርሽካ የደቀቀው የስንዴ ተረፈ ምርት)፣ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው) እና የበቆሎ ዋጋ መዝግቢ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ዋጋ ከኩንታሉ ውሃው ሲቀነስ ለሚቀረው ደረቅ መኖ ኪሎ አካፍዪው።

ፉርሽካ በኩንታል 2,700 ብር፣ እርጥብ የቢራ ብቅል ተረፈ ምርት 500 ብር ነው እንበል። ለዓይን ብቅሉ በጣም ርካሽ ነው። ነገር ግን ከፉርሽካው 90 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ሲገኝ ከብቅሉ የሚገኘው ቢበዛ 25 ኪሎ ነው፤ ቀሪው ውሃ ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ደረቅ መኖ በፉርሽካው 30፣ በብቅሉ 20 ብር ይወጣል። በኩንታል 250 ብር ማጓጓዣ ሲጨመርበት ብቅሉም 30 ይገባል። ያኔ የሚቀረው ብልጫ ፕሮቲኑ ነው፦ ከደረቅ ይዘቱ 25 በመቶ ገደማ፣ የፉርሽካው 17 ገደማ። ብቅሉ ግን በጥቂት ቀናት ይሻግታል። በቅርብ ላሉ የወተት ላም አርቢዎች ግሩም ነው፤ ደረቅ መኖ በጆንያ ለሚሸጥ፣ ማድረቂያ ለሌለው ፋብሪካ ግን አይሆንም። ከተማው ውስጥ ቢራ ፋብሪካ ስላለ ይህን ሊጠይቁሽ ይችላሉ።

በቆሎም ያው ነው። 18 በመቶ እርጥበት ያለው 100 ኩንታል ወደ 13 በመቶ ሲደርቅ 94 ኩንታል ገደማ ይሆናል፤ ስድስቱ ኩንታል የገዛሽው ውሃ ነው ማለት ነው። ከ14 በመቶ በላይ ከሆነ ደግሞ መጋዘን ውስጥ ይሻግታል። መለኪያ ከሌለሽ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እህልና ደረቅ ጨው ጨምረሽ ደህና አድርገሽ አናውጪ፤ ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ከ15 በመቶ በላይ ነው። ፉርሽካ ላይ የሚያስቸግረው አሸዋና አፈር ነው፦ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጭብጥ ጨምሪ፣ ከሥር የሚቀረውን እዪ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የኑግ ፋጉሎ ነው። እርጥብ ሆኖ ከተከማቸ ይሻግትና አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ያፈራል፤ ላሟ የበላችው መርዝ ደግሞ ተለውጦ ወደ ወተቷ ያልፋል፤ ወተቱን የሚጠጡትም ልጆች ናቸው። መርዙ በዓይን አይታይም፤ በጆንያው ሁሉ እኩል አይሰራጭም፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ብቻ ይከማቻል። ስለዚህ ከአንድ ጆንያ የወሰድሽው ጭብጥ ያታልልሻል። ከብዙ ጆንያዎች፣ ከላይም ከመሃልም ከሥርም ወስደሽ፣ ቀላቅለሽ አስመርምሪ። ርካሽ ፋጉሎ ከቀረበልሽ መጀመሪያ የት እንደቆየ ጠይቂ።

አካባቢሽን ማወቅሽም ይቆጠርልሻል። ከሸዋ ሮቢትና ከአጣዬ በኩል ማሽላ፣ ከምንጃር ሽምብራና ጤፍ፣ ሰንጋው ከሚታወቅበት ከጅሩ ስንዴና ባቄላ ይወጣል። እህሉ ከተወቃ በኋላ ባሉት ወራት ዋጋው ይረግባል፣ ክረምት ላይ ይወደዳል። ቀላ ያለውን ማሽላ ለዶሮ ስትገዢ ታኒን የሚባለውን መራራ ንጥረ ነገር አስቢ፤ የፕሮቲን መፈጨትን ይቀንሳል።

ልምድ የለኝም ብለሽ አትስጊ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እያለሽ አስፈቅደሽ የገበያ ናሙናዎችሽን በ105 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ሌሊቱን አድርቂ፤ ከመድረቁ በፊትና በኋላ መዝኚ። ቁጥሩን ከዋጋው ዝርዝር ጋር አያይዘሽ ለጠያቂዎቹ ስጫቸው። አንቺም ጠይቂያቸው፦ መጋዘናቸው የስንት ቀን መኖ ይይዛል? ለአቅራቢ የሚከፍሉት እጅ በእጅ ነው ወይስ በዱቤ? በዱቤ ከሆነ ገበሬው በመኸር ርካሹን እህል ለአንቺ አይሸጥም፤ በክረምት ውዱን ስትገዢ ተጠያቂዋ አንቺ ትሆኛለሽ።