ከኦፍ ማግስት የሚጨብጥ ደረት

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ከረሙ? የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ኮምቦልቻ ጥጥ ፈትል ላይ ነው የምሠራው፤ ካርዲንግ (ጥጥ ማበጠሪያ) ክፍል ከገባሁ 9 ዓመት ሆነኝ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ደረቴን ይጨብጠኛል፣ ደረቅ ሳልም አለኝ። ኦፍ ስሆን ደሴ እናቴ ዘንድ ወጥቼ እውላለሁ፤ እዚያ ደህና ነኝ። ወርጄ ሥራ በገባሁ ቀን ከሰዓት በኋላ ያፍነኛል። የኮምቦልቻ ሙቀት አልተስማማኝም ይሆን? “ብርድ ነው” ተብዬ ሁለት ጊዜ አሞክሳሲሊን ወሰድኩ። ራጅ ተነሥቼም ንጹህ ነው ተባልኩ። ሰሞኑን ደግሞ ተመራማሪዎች መጥተው ከሥራ በፊትና በኋላ ቱቦ ንፊ፣ ፈርሚ አሉኝ። ውጤቱ አለቆቼ ጋ ደርሶ ከሥራ ቢያስወጣኝስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ትልቁን ነገር እንደ ዋዛ ጣል አድርገውት ነው ያለፉት፦ “ወርጄ ሥራ በገባሁ ቀን” ብለዋል። ሙቀቱን ይተዉት። የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ሲገቡ የሚያገኙት አየር እንዲያውም የሳሳ ነው፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ግን 1,850 ገደማ። ነገሩ የአየሩ ቢሆን ኖሮ የሚቸገሩት እናትዎ ቤት ነበር። ያሳረፈዎት ከጥጥ ብናኝ አንድ ቀን መራቅዎ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ይህ በሽታ ቢሲኖሲስ ይባላል። መለያው ከእረፍት በኋላ ባለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ደረት መጨበጡ ነው፤ ለዚህም በብዙ አገር በሰኞ ስም ይጠሩታል። እኛ ዘንድ ግን ሥራው በሽፍት ነው፤ ኦፉ ማክሰኞ የሆነ ሰው “ሰኞው” ረቡዕ ላይ ይውላል። ሐኪሙ “ሰኞ ሰኞ ያፍንሻል?” ይላል፣ ታማሚዋ “ኧረ የለም” ትላለች፣ ካርዱም ይዘጋል። እኔም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንዲህ የዘጋሁት ካርድ አይጠፋም።

ጥፋቱ የነጩ ጥጥ አይደለም። ከጥጡ ጋር ተቀላቅሎ የሚመጣው የቅጠልና የቅርፊት ብስባሽ ባክቴሪያ አለበት፤ ከባክቴሪያው የሚወጣው ኤንዶቶክሲን የሚባል ነገር የአየር ቧንቧን ያስቆጣል፣ ያጠብባል። በየቀኑ ሲጋለጡ ሰውነት ለጊዜው ይለምደዋል፣ አርፎ ሲመለስ ግን እንደ አዲስ ይነሣበታል። እስሩ ጥጥ የሚፈታበት ብሎው ሩምና የሚበጠርበት የእርስዎ ክፍል ብናኙ የሚበዛባቸው ዋነኞቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ጥናት በአንድ የአገራችን ፋብሪካ 595 ሠራተኞችን መርምሮ፣ ከብሎው ሩም ሠራተኞች 43.2 በመቶ፣ ከካርዲንግ ደግሞ 37.5 በመቶ ላይ በሽታውን አግኝቷል። በሌሎቹ ክፍሎች ከ4 እስከ 24 በመቶ ነበር።

ሌላው የምወደው ጥናት የሻንጋዩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ 447 የጥጥና 472 የሐር ሠራተኞችን ሠላሳ ዓመት ያህል እየተከታተሉ አስነፏቸው። የጥጦቹ ትንፋሽ ከሐሮቹ በባሰ ቀነሰ፤ ከብናኙ የወጡት ግን የተወሰነ አገግመዋል። ስለዚህ ጊዜው አላለፈብዎትም።

ወደ ቱቦው እንምጣ። ስፓይሮሜትር ይባላል። አፍንጫዎን በመቆንጠጫ ይይዙልዎታል፣ እስከ ጥግ ይስባሉ፣ ከንፈርዎን ቱቦው ላይ ግጥም አድርገው ባለ በሌለ ኃይል ይነፋሉ፤ አጠገብዎ ያለችው ልጅ ደግሞ “ንፊ! ንፊ! ንፊ!” እያለች ትጮኻለች። አይሳቀቁ፣ ሥራዋ ነው። የሚፈለገው በመጀመሪያው ሰከንድ የሚወጣው አየር ልክ ነው። ከሽፍት በፊት ከተነፋው ከሽፍት በኋላ ያለው 5 በመቶ ወይም 200 ሚሊ ሊትር ከቀነሰ በቀላሉ አናልፈውም። ራጅ ይህን አያሳይም፤ የእርስዎ ንጹህ መሆኑም ለዚህ በሽታ ማስተባበያ አይሆንም። ግን ልኬቱ ከኦፍ በተመለሱበት ቀን ይሁን፤ በሦስተኛው ቀን ቢነፉ ላይታይ ይችላል።

እኔ ብሆን እፈርም ነበር፤ ሳልጠይቅ ግን አይደለም። ስሜ በቁጥር ይተካል ወይ? አሠሪው የሚያየው የጠቅላላውን ውጤት ነው ወይስ የእያንዳንዱን? ጥናቱን የፈቀደው የሥነ ምግባር ኮሚቴ የትኛው ነው? የራሴን ቁጥር ትሰጡኛላችሁ ወይ? ወረቀቱ በሚገባዎት አማርኛ ይነበብልዎ፣ አንድ ቅጂ ይያዙ። እምቢ ማለትም፣ ጀምሮ መተውም መብትዎ ነው። መልሱ የሚድበሰበስ ከሆነ አይፈርሙ፤ ደሴ መጥተው እንደ ታማሚ ይነፋሉ።

እስከዚያው አክታ ይስጡ። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ሁሉ፣ ጥጥም ይሁን ጭስ፣ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይቀድመዋል፤ ሌሊት ላብ፣ ክሳት ወይም ደም ካለ ደግሞ አይደር። አንቲባዮቲኩን በራስዎ አይድገሙ። ፓፍ (በአፍ የሚሳበው መድኃኒት) ቧንቧውን ለጊዜው ይከፍታል፣ ዋናው መድኃኒት ግን ከብናኙ መራቅ ነው። ስለዚህ ማስረጃ ሲገኝ ክፍል እንዲቀየርልዎት እንጽፋለን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አደገኛ ሥራ ላይ ላሉ ሠራተኞች የሕክምና ምርመራውን ወጪ የጣለው አሠሪው ላይ ነው። ከሽፍት ሲወጡ ልብስዎን በአየር ግፊት ቱቦ የማራገፍ ልማድ ካለ ይተዉት፤ ያረፈውን ብናኝ መልሶ አፍንጫዎ ውስጥ ነው የሚያስገባው። ብናኝ ያጥባል እየተባለ የሚጠጣውን ወተት ከወደዱት ይጠጡት፣ ግን የሚወርደው ወደ ጨጓራ ነው፤ ሳንባ የሚያጥብ ወተት አላየሁም።

ዓረፍተ ነገር መጨረስ እስኪያቅትዎ ካፈነዎት ወይም ከንፈርዎ ከጠቆረ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ። ካልሆነ ሲመጡ የአንድ ወር የሽፍት ፕሮግራምዎን ይያዙ፤ ኦፍ ቀኖቹን በቀይ ያክብቡ፣ ደረትዎ የጨበጠበትን ቀን ደግሞ በሰማያዊ።